ስም ያልተለጠፈባቸው ሁለት ብልቃጦች

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ክልሉ ገና ሲመሠረት ባዮሎጂ ሊያስተምሩ አሶሳ የመጡት ሁለት ብልቃጥ ይዘው ነበር። ውስጣቸው ከምጽዋ የመጡ፣ እንዳይበሰብሱ አልኮል ውስጥ የተቀመጡ፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው በማኅበር የሚኖሩ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት አሉ። ዓይነታቸው ሁለት ነው፤ ሲያዩዋቸው ግን አንድ ይመስላሉ። ስማቸውን ይጻፉባቸው ስንላቸው፣ «ከጻፍኩበት ማን ያያቸዋል? ቀለሙን ተዉት፤ አቀማመጡን እዩ» ይሉ ነበር።

ከቀብራቸው በኋላ የሚለያቸው ሰው የለም ተብሎ ብልቃጦቹ ሊጣሉ ሆነ። እኔም ቀለማቸው ለቆ ሁለቱም ነጥተው ሳይ ተስፋ ቆረጥኩ። ያኔ ከማንኩሽ የመጣች ተማሪያቸው ባዶው ወንበራቸው ላይ ተቀምጣ በማጉያ መነጽራቸው አየቻቸው።

«ይሄኛው እንደ ኮከብ ክብ ሠርቷል፤ ያኛው በሰልፍ ነው» አለች።

ደስ ብሎኝ ወረቀትና ማስቲሽ ባቀብላት እጇን ሰበሰበች።

«ቲቸር አይወዱም።»