ራስ የሌላት አድማጭ

የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ስሙ ተረስቶ «አባ እሺ» መባል ከጀመረ ቆይቷል። ኪሱን ከፍ አድርገው ቢሉት እሺ፣ ዝቅ አድርገው ቢሉት እሺ፣ ኪሱ ጭራሽ ይቅር ቢሉትም እሺ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ይናገረዋል፤ እሱ ግን ይኖረዋል። ያም ሆኖ ሆድ ይፍጀው ብሎ የዋጠውን ሁሉ ሆዱ አልፈጀውም። ሽቅብ ወጣና ደም ግፊት ሆነ።

ሐኪሙ «ጭንቀት ይቀንሱ፣ በእግርዎ ወጣ ይበሉ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ» አለው። እንደ ልማዱ እሺ አለ። በእግሩ ወጣ ሲል ያገኘው ሰው ሁሉ «ሱሪዬስ?» እያለ ስለሚያስቆመው ከወጣበት የባሰ ተጨንቆ ይመለሳል። በረጅሙ መተንፈሱ ደግሞ፣ ስፒል በከንፈሩ ይዞ ለሚውል ሰው፣ ከግፊቱ ፈጥኖ የሚገድል ሆነበት።

መድኃኒቱን ያገኘው ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ነው። ደንበኞች ልብስ በሚለኩባት ጠባብ ክፍል ውስጥ የተሰፋውን እያለበሰ ቅርጹን የሚያይባት አሻንጉሊት አለች፤ ራስም እጅም የላትም። ደንበኛውን በትሕትና ይሸኝና ይገባል፤ ልክ ልኳን ይነግራታል፤ ፊቱ በርቶ ይወጣል። ቁልፍ የምትተክለው ሚስቱ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። አሻንጉሊቷን በየደንበኛው ልክ ጨርቅ እየጠቀለለ ስለሚያወፍራት ስድቡ አድራሻውን ስቶ አያውቅም።

ጣጣው የመጣው ልጁ ሊያገባ ሲል ነው። የእጮኛው እናት ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት ናት፤ ለሠርጉ የምትለብሰውን ቀሚስ እዚሁ ላሰፋ አለች።

«አባዬ፣ አደራ» አለው ልጁ። «እናቷ የፊተኛ እጮኛዋን ያባረሩት የሰውየው አጎት በኮፍያቸው ስለሳቀ ነው። ምን ቢሉህ እሺ በላቸው።»

«እኔን ነው እሺ በል የምትለኝ?» አለ አባት፣ ተገርሞ።

ሴትየዋ በየቀኑ መጣች። ሰኞ ወገቡ ይጥበብ አለች፣ ማክሰኞ ይስፋ። ረቡዕ አንገቱ ከፈት ይበል አለችና ሐሙስ «ያየኝ ምን ይለኛል?» ብላ አስዘጋችው። ልብስ ሰፊው እሺ እያለ ሰፋ፣ እሺ እያለ ተረተረ። አሻንጉሊቷ በዚያ ሳምንት ያልሰማችው ጉድ አልነበረም።

አርብ ምሳውን በልቶ ሲመለስ መብራት ጠፍቷል፣ ሚስቱም ክር ልትገዛ ወጥታለች። አንጀቱ እንዳረረ፣ መነጽሩን ከስፌት መኪናው ላይ ሳያነሳ፣ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ቀሚሱ በድንግዝግዙ ውስጥ ቆሟል፤ ራስ የለ፣ እጅ የለ፣ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሏል።

«አንቺ ሴትዮ» አለ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ። «ወገብሽ ነው ወይስ የመንገድ ሥራ፣ ዛሬ የተሠራው ነገ የሚቆፈረው? ልጄ ልጅሽን ባይወድ ኖሮ ይህን ጨርቅ መጋረጃ አደርገው ነበር። ደግሞስ ሠርጉ ያንቺ መሰለሽ? የልጅሽ ነው። ያንቺ ድርሻ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ማልቀስ ነው።»

ቀሚሱ ተንቀጠቀጠ።

«ስፒሉን ያውጡልኝ» አለ ቀሚሱ።

ለካስ ሚስቱ ቀሚሱን ከአሻንጉሊቷ ላይ አውልቃ «እስኪመጣ ይለኩት» ብላ ለሴትየዋ ሰጥታት ኖሯል። ሴትየዋ ቀሚሱን ስታጠልቅ አንገቱ ላይ የተሰኩት ስፒሎች ወጓት፤ ራሷን ማውጣትም እጇን ወደ እጅጌው ማሳለፍም ፈርታ እንደቆመች ሰው ትጠብቃለች። ወርዷ ደግሞ ከአሻንጉሊቷ ጋር አንድ ነው፤ እንዲያ ያደረጋት እሱ ራሱ ነው።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቀለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የልጁ ሠርግ በገዛ አፉ ሲፈርስ ታየው። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። የሴትየዋ ራስ ጸጉሩ ተንጨባሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ ብቅ አለ።

«ይቀጥሉ እንጂ» አለች። «ስለ አንገቱ ገና ምንም አላሉም።»

«ለእርስዎ መናገሬ አልነበረም» አለ። እውነቱን ነው።

«ለማን ነበር?»

ጥግ ወደ ተገፋችው አሻንጉሊት ጠቆማት። ሴትየዋ በአሻንጉሊቷ ዳሌ ዙሪያ የተጠቀለለውን ጨርቅ ትክ ብላ አየች።

«ይህን ያህል ነኝ?»

«ጨርቁ ነው» አለ ልብስ ሰፊው፣ ወለሉን እያየ።

ሳቀች። ሳቋ ቆየና ወደ ልቅሶ ዞረ፤ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ፊት ለፊት እንዲህ የተናገረኝ የለም። አሁን ደግሞ ልጄ ስትሄድ ቤቱ ለእኔና ለግድግዳው ነው። ጠዋት ስነሳ ደረቴን አንዳች ነገር ጨምድዶ ይይዘኛል፤ እዚህ መጥቼ እርስዎን ሳዝዝ ይለቀኛል። ወገቡ እኮ መጀመሪያም ደህና ነበር።»

ልብስ ሰፊው አፈረም፣ አዘነላትም። ሳምንቱን ሙሉ እሱን ያሳመመው ነገር ለካ ለእሷ መድኃኒቷ ኖሯል።

«ሠርጉስ?» አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ሠርጉማ አለ። ልጅዎ ምን አደረገኝ?» ዓይኗን በእጇ ጠረገች። «እኔ ነኝ እንጂ ከሠርጉ በኋላ መሄጃ የሌለኝ። የሚሰፋ ቀሚስ አይኖርም።»



«ካፖርት እሰፋልዎታለሁ።»

«ካፖርት አለኝ።»

«አይቼዋለሁ። ትከሻው አያምርም። እኛ ብንጀምረው ደግሞ ክረምቱን ሙሉ አያልቅም።»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው።

«እንግዲያው ኮሌታው ሰፊ ይሁን» አለች።

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?» ብላ በርጩማውን ወደ እሱ ጠጋ አደረገች፤ ሚስቱ ክሩን ይዛ ስትመለስም ገና አልተስማሙም ነበር።