አባ ደረጃ አፋቸውን ሲይዙ

ጠበቃው ቸር ሰው ናቸው፤ ጣጣው ቸርነታቸው በአፋቸው በኩል መፍሰሱ ነው። ቢሮአቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ከቆመ ዘመናት አልፈዋል፣ ባለጉዳይ ሁሉ የሚይዛቸው ደረጃው ላይ ነው። አንዱ ስለ ውርስ ሲጠይቃቸው፣ የደረጃውን ብረት ተደግፈው አንድ በአንድ ይተነትኑለታል። ሰውየውም እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ሳይከፍል ከዚያው ይመለሳል። ታዲያ ምን ቀርቶት ወደ ላይ ይወጣል? ሰፈሩ «አባ ደረጃ» ሲላቸው እንደ ሹመት ይቆጥሩታል።

አብራቸው የምትሠራው፣ እሷም ጠበቃ የሆነችው የእህታቸው ልጅ ግን አንጀቷ አርሯል። አንድ ትልቅ የጥብቅና ድርጅት ነይልን ብሏት መልሷን ለዓርብ ይጠብቃል። ሰኞ ጠዋት ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እስከ ዓርብ ደረጃ ላይ አንዲት ምክር ካመለጠችዎ እሄዳለሁ።»

ልጅቷ ቀልድ አታውቅም። እሳቸው ደግሞ ልጅ የላቸውም፤ ከእሷ ሌላ ቢሮውን ለማን ይተዉታል? እሺ አሉ።

ጉድ ነው እንግዲህ! ሰው ሲያስቆማቸው «ቢሮ ይግቡ» ብለው ሽቅብ ይሮጣሉ። ማክሰኞ ጉሮሮአቸውን ታመዋል ተብሎ ተወራ። ረቡዕ አንዲት ጎረቤት ምን አስቀየምኩዎት ብላ አኮረፈች።

ሐሙስ አንድ የቆርቆሮ ነጋዴ በጋራ በያዙት መጋዘን ምክንያት ከወንድሙ ተጣልቶ ደረጃው ላይ ያዛቸው። መልሱ ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጥ አድርገው ክንዱን ይዘው ወጡ። ሰውየው ተቀመጠ፣ ከፈለ፣ ወረቀት ለምኖም የሚሉትን ሁሉ ጻፈ። ሽርክናውን በጽሑፍ አድርጉ፣ ድርሻችሁን ለዩ፣ ምስክር ፊት ፈርሙ። ሲጨርሱ ራሱን ያዘ።

«ምነው ጋሼ፣ ይህን ከሦስት ዓመት በፊት ነግረውኝ ቢሆን ከወንድሜ እጣላ ነበር?»

ነግረውታል እኮ! ቃል በቃል፣ እዚያው ደረጃ ላይ፣ እሱ ስልኩን እየነካካ ራሱን ሲነቀንቅላቸው።  ነጋዴው ከሄደ በኋላ ጠበቃው ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ለግድግዳ ነው ያወራሁት ማለት ነው?» አሉ።

ልጅቷ ልትስቅ ነበር፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለቻቸው። «ከትምህርት ቤት መጥቼ እርስዎን ስጠብቅ፣ እዚያ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ሕግ የተማርኩት።»

ዓርብ ወደ ትልቁ ድርጅት ደወለችና አልመጣም አለች።