አጋዘን ያለበት ሹራብ

አሰላ ውስጥ ክረምት ሲገባ አይናለምን የማያስታውስ የለም። ከገበያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ሱቋ ተቀምጣ በሁለት ረጃጅም መርፌዎች ሹራብ ትሠራለች። እውነቱን ለመናገር ግን ከመሥራቱ ይልቅ መተርተሩ ይበዛባታል። የአሰላን ሰው ብርድ አስተምሮታልና ክር አይጥልም። ልጅ አድጎ ሹራቡ ሲጠብበው ይተረተራል፤ ክሩ ታጥቦ ይሰቀልና ሌላ ቀለም ተጨምሮበት ለታናሽ ይሠራል። አይናለም ራሷ መጀመሪያ የለበሰችው ሹራብ ሦስት ወንድሞቿን አሙቆ የደረሳት ነበር።

በልጅነቷ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ የሹራብ ጥለት እንደ ወሬ ከቤት ቤት ይዞር ነበር። አንድ ዓመት የዳማ ገበታ ከሆነ በሚቀጥለው የመጋዝ ጥርስ ይሆናል። አንድ ጊዜ ደግሞ አንዲት እናት ከሰልባጅ ክምር ውስጥ አጋዘን ያለበት የፈረንጅ ሹራብ አገኘችና ጥለቱን ቀዳች። በዚያ ዓመት የከተማው ልጅ ግማሹ ደረቱ ላይ አጋዘን አድርጎ ትምህርት ቤት ሄደ። ልጆቹ "የጭላሎ ተራራ አጋዘን ነው" ብለው ይምሉ ነበር፤ የፈረንጅ አገር መሆኑን ማን ይንገራቸው። እጇ የማይታዘዝላት እናት የሠራችው ፍየል መስሎ ይወጣል፤ ልጇም "ባለፍየሉ" ሲባል ይከርማል።

ባለፈው ሐምሌ ፈይሩዛ የምትባል የአይናለም እኩያ ከሁሩታ መጣች። ከፌስታሏ ያንኑ አጋዘን የያዘ ቀይ ሹራብ አወጣች። በልጅነቷ እናቷ ሀሊሜ የሠራችላት ነው። ሀሊሜ ከሞተች ቆይታለች፤ ከእጅ ሥራዋ የቀረው ይኸው ብቻ ነበር።

"እሱን እያየሽ ለልጄ አዲስ ሥሪላት" አለች። "ይሄን ግን እንዳትነኪብኝ። የእናቴ ነው።"

"ምን በወጣኝ እነካዋለሁ" አለች አይናለም። ከልቧ ነበር።

ሹራቡን ግን ሳታስብ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠችው። ቅርጫቱ ደግሞ የሚተረተሩት የሚከማቹበት ነው። በማግስቱ ጎረቤቷ ጠይባ ዝናብ ልትጠለል ገባችና የአንድ ሠርግ ወሬ ተነሣ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ የአይናለም እጅ ከቅርጫቱ ያገኘውን አነሣ፣ ስፌቱን ፈታ፣ እጅጌዎቹን ጨርሶ ወደ ደረቱ ገባ። ሰው እያወራ ሲተረትር ክሩን እንጂ ሹራቡን አያይም።

"ውይ፣ ይሄ የልጅነታችን አጋዘን አይደለም?" አለች ጠይባ።

አይናለም ዝቅ ብላ ስታይ የአጋዘኑ አራት እግሮች ብቻ ቀርተው ነበር።

ደነገጠች። ጥለቱን ግን እጇ ያውቀዋልና በዚያው ክር ከእግሩ በላይ ሆዱን፣ አንገቱን፣ ቀንዱን፣ እጅጌዎቹንም መልሳ ሠራች። ለልጅቷም አዲሱን ሠርታ ሁለቱን አጣጥፋ አስቀመጠች። ላትናገር ወስና ነበር። ጠይባም ብትሆን "ማን ያውቅብሻል" ብላታለች።

ፈይሩዛ ልጇን ይዛ መጣች። አዲሱን ዞር ብላም ሳታየው አሮጌውን አነሣች፤ አገላብጣ አየችው፤ ምንም አላወቀችም። የልጇን መዳፍ ይዛ ቀንዱ ላይ አሳረፈችው።

"ንኪው እስቲ። አያትሽ በእጇ የሠራችው ነው።"

አይናለም ትንሿ መዳፍ ያረፈችበትን ስታይ ግን መደበቅ አልቻለችም።

"ፈይሩዛ፣ ቀንዱን የሠራሁት እኔ ነኝ። እያወራሁ ሳላየው ተርትሬው ነው። ይቅር በይኝ።"

ፈይሩዛ ወዲያው አልገባትም። "የቱን?" አለች።

አይናለም በጣቷ አሳየቻት። "ከእግሩ በላይ ያለውና እጅጌው የኔ ነው። እግሩና ከዚያ በታች ያለው የእናትሽ ነው፤ አልተነካም።"

ፈይሩዛ አልተሳደበችም። እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም።

"እናቴም ብትኖር ለልጄ ተርትራ ትሠራው ነበር" አለች። "ግን መተርተር የነበረባት እሷ ናት።"

ከዚያ የልጇን እጅ ከቀንዱ ላይ አንሥታ ወደ እግሩ አወረደችው።