የአስቴር የጾም ፓንኬክ

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጄ ሕይወት ስልኳን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ አሠራሩን እያየች ፓንኬክ ልትሠራ ተነሣች። ዱቄቱን ካዘጋጀች በኋላ ቀኑ ትዝ ሲላት ቆመች።

"እማዬ፣ ጾም ነው እኮ! ያለ እንቁላል ደግሞ አይያያዝም ይላል።"

"ሙዝ ጨፍልቂበት፤ እሱ ይይዝልሻል" አልኳት። ከማን እንደተማርኩት ግን አልነገርኳትም። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ወጣት ሳለሁ ዓለም ገና ውስጥ ከአስቴር ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ከጎጃም መጥቼ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ እሷ ከወላይታ መጥታ እዚያው ክር ክፍል ትሠራ ነበር። እኔ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ እሷ መዝሙሯን እያንጎራጎረች ሻይ ታፈላለች። በእምነት ብንለያይም አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተለዋወጥንም ነበር።

አስቴር ቡራዩ ሌላ ሥራ አገኘች። የምትሄድበት ቀን የፍልሰታ እሑድ ላይ ዋለ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነበር። ከቅዳሴ ስመለስ ቤታችን የተቆላ ለውዝ ይሸታል። ሳህን ላይ ወፋፍራም ፓንኬኮች ተደርድረዋል።

"መሰነባበቻችን ነው፤ በትኩሱ ብዪ" አለችኝ።

አንዱን አንሥቼ አገላበጥኩት። ለስልሶ፣ ቢጫ ሆኖ ሳየው ጠረጠርኩ።

"እንቁላል አለበት።"

"የለበትም።"

"ታዲያ እንዴት እንዲህ አማረ? ድሮስ እናንተ ለጾም ምን ገዷችሁ!"

አስቴር ሳህኑን ከደነች፣ ሻንጣዋን አነሣች፣ "ደህና ሁኚ" ብላኝ ወጣች። እኔ ደግሞ፣ ይግረማችሁ፣ ጾሜን ጠበቅኩ ብዬ ኮራሁ።

ብዙም ሳይቆይ የቤታችን ባለቤት አዴ ጫልቱ ብቅ አሉ።

"አካም ቡልቴ፣ ልጄ። አስቴር ሄደች እንዴ? ጠዋት ከዶሮዎቼ እንቁላል ብሰጣት፣ 'ጓደኛዬ ጾመኛ ናት፤ ሙዙ ይበቃኛል' ብላ መለሰችልኝ። እንዴት ያለች አሳቢ ልጅ ናት!"

ፊቴ እሳት ሆነ። ፓንኬኮቹን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ ታክሲ መያዣው ሮጥኩ። ደግነቱ ታክሲ ሳይሞላ አይነሣም። ረዳቱ "አየር ጤና! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጣራል። አስቴር ከኋላ ሻንጣዋን አቅፋ ተቀምጣለች። የቀረው ሰው እኔ ሆንኩ።

አጠገቧ ተቀምጬ ጨርቁን ፈታሁና አንዱን ቆርሼ በላሁ። የሙዙ ጣፋጭነት፣ የተወቀጠው ለውዝ፣ አጃው ሁሉ ተለይቶ ታወቀኝ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

"አስቴርዬ፣ ይቅር በዪኝ። አዴ ጫልቱ ነገሩኝ።"

"እኔም ነግሬሽ ነበር እኮ" አለችኝ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች።

ፉሪን ስናልፍ ግን ዞራ አጎረሰችኝ። ለቡራዩ ታክሲ ወደምትቀይርበት አየር ጤና ስንደርስ ጨርቁ ላይ የቀረው ፍርፋሪ ብቻ ነበር። እስከ ዛሬ እንደዋወላለን፤ የዚያን ቀኑን ነገር አንሥታብኝ አታውቅም። እኔ ግን ያቺን ንግግሯን አልረሳኋትም። የበላሁት በእሷ ቃል ሳይሆን በአዴ ጫልቱ ምስክርነት ነበርና።

ሕይወት የመጀመሪያውን ፓንኬክ ከመጥበሻው አውጥታ ሰጠችኝ።

"እንቁላል የለበትም፣ እማዬ።"

ሳላገላብጥ ቆርሼ በላሁ።