ለቅሶ የቀረ ሰው አያሸንፍም

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ትሕትና ብዙም አልተፈጠረልኝም። አቃቂ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማዕከል ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን ጌም መሥራት አስተምር በነበረበት ዘመን ደግሞ ጨርሶ አልነበረኝም። መጫወት አላልኩም፣ መሥራት ነው ያልኩት። ይህን ልዩነት ለወላጅ ማስረዳት ከማስተማሩ በላይ ያደክም ነበር።

መመሪያዬ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ጌም ተመራማሪዎች ካጠኑት ነገር መነሳት አለበት። ተኩስና የመኪና እሽቅድምድም የክፍሌን በር አያልፍም። በዚያ ክረምት አተት የሰፈሩ ሁሉ ወሬ ስለነበር የበሽታን መተላለፍ መረጥኩ። አጥኚዎቹ ሰውን በሦስት ይከፍሉታል፤ ገና ያልታመመ፣ የታመመ፣ የዳነ። ከዚያ ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ እየተከተሉ በሽታው የት እንደሚደርስ ያሰላሉ። ይህ ለጌም የተፈጠረ ነገር ነው አልኩ፤ አሁንም እላለሁ።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ጎበዟ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ትእዛዞቹን ስክሪኑ ላይ ስትደረድር ብሎኬት የሚደረድር ግንበኛ ትመስላለች፤ አትቸኩልም፣ የደረደረችውም አይፈርስም። ጣጣው አባቷ ነበሩ። ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ የሰፈሩ ዕድር ሰብሳቢ ናቸው። ለእሳቸው ጌም ማለት ልጆች ከትምህርት ቤት ፎርፈው የሚገቡበት ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። «የወላጆች ቀን መጥቼ አያለሁ፤ የማይረባ ከሆነ ትወጫለሽ» ብለዋታል። ይህን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። «እናሳያቸዋለን!» አልኳት።

የጌሙን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ሰፈር ውስጥ ይዘዋወራል፤ ገበያ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ ለቅሶ ቤት። ለቅሶ ቤት ከገባ ሰው ይጨብጣል፣ ንፍሮ በእጁ ይቀበላል፣ ይታመማል። ቤቱ ከተቀመጠ ያሸንፋል። ሳይንሱ የሚለው ይህንን ነው፣ አበቃ።

ልጅቷ ማውሱን ለቀቀችው። «ቲቸር፣ ለቅሶ የቀረ ሰው እንዴት ያሸንፋል?»

«አይታመምማ!»

«እሺ፣ አሁን አይታመም። ሌላ ጊዜ ሲታመም ግን ማን ይጠይቀዋል? ሲሞትስ ማን ይቀብረዋል?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አፈርኩ፤ ስላፈርኩም ተቆጣሁ። ሕጉ እንዳለ ይቀጥላል አልኩና ጉዳዩን ዘጋሁት። ዕድር ሰብሳቢ ፊት «ለቅሶ አትሂዱ» የሚል ጌም ላቀርብ መሆኑ ትዝ ያለኝ የወላጆች ቀን ጠዋት ነው። ጎበዝ ነኝ እል የለ!

አባቷ ኮታቸውን ለብሰው መጡ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ማውስ ነክተው አያውቁምና ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አስጀመረቻቸው። ሰውዬው ተንቀሳቀሰ። ገበያውን አለፉት፣ የታክሲውን ሰልፍ አለፉት፣ በቀጥታ ወደ ለቅሶ ቤት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ሰውዬው አልታመመም። ድንኳኑ በር ላይ እኔ ያላስቀመጥኩት ጀሪካን ቆሟል፣ አጠገቡ ሳሙና አለ። ሰውዬው ታጥቦ ገባ፣ ሐዘንተኞቹን አጽናና፣ ነጥብ አገኘ። እኔ ሳላውቅ ሕጉን ቀይራዋለች።

«ከቀብር መልስ እጅ እንታጠብ የለ አባዬ?» አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ። «እሱ ግን በቀብሩ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ያለ ሳሙና። በማግስቱስ? በሠልስቱስ? ሰው እንደሆነ መጨባበጡን አይተው።»

አባቷ ሰውዬውን ቤቱ አስቀምጠውም ሞከሩት። አልታመመም፤ ጎረቤቶቹ ግን ፊታቸውን እያዞሩበት አንድ በአንድ ከስክሪኑ ጠፉ። ጥቂት አዩትና ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ልጅቷ ተከተለቻቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበሯ ባዶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ፤ ልጆቹም ሸሹኝ። ያንገበገበኝ ሕጌን መቀየሯ አልነበረም። የእሷ ሕግ ከእኔው እንደሚሻል አውቄያለሁ፣ ግን ይህን ሳልነግራት አመለጠችኝ።

በዚያው ሳምንት የማዕከሉ የጥበቃ ሠራተኛ ወንድሙ ሞተበት። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም፤ በሠልስቱ ሄድኩ። የልጅቷ አባት ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ሰው ያስተናግዳሉ። ስለ እሷ ምን ብዬ እንደምለምናቸው እያሰብኩ እጄን ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። ክው አልኩ። በቃ፣ ተቀይመውኛል።

«መጀመሪያ ታጠቢ» አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደ ጎን እያመለከቱ።

ዞር ስል ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ቆሟል፤ ሳሙና በክር ተንጠልጥሎበታል። እንደ አግዳሚ ወንበሮቹ ሁሉ የዕድሩ ስም በቀይ ቀለም ተጽፎበታል።

«የልጄ ሕግ ነው» አሉ። «ባለፈው ቅዳሜ የቀረችብሽ እኮ ይህን ቧንቧ ስናስገጥም ውለን ነው።»

ታጠብኩ፤ በሳሙና፣ እስከ ክርኔ ድረስ። ተመልሼ ስጨብጣቸው የእሳቸውም እጅ እርጥብ ነበር።

«በዚህኛው ቅዳሜ ትመጣለች» አሉኝ።