ከእህቴ ጋር የታገተችው ሴት

እህቴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትመለስ የተሳፈረችበትን አውቶቡስ ኮምቦልቻ ከመድረሱ በፊት ታጣቂዎች አስቆሙት። መርጠው ካወረዷቸው ተሳፋሪዎች አንዷ እሷ ነበረች።

ከቀናት በኋላ ለአባቴ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ አልጮኸም፣ አልተሳደበም።

«ሆጤ ያለውን ቤት በልጅህ ስም አዙረኸው የለ? እሱን ሽጠው» አለው።

ስለ ቤቱ ከእኛ ከአራታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ «ልጄን ገርፈው አናግረዋት ነው» ብላ አለቀሰች። አባቴ ግን ምስጢሩ ከቅርብ ሰው ወጥቷል ብሎ አመነ። የግቢያችንን ተከራይ ሰላምታ ነፈገው። በቤተ ክርስቲያናችን ለእህቴ ጸሎት ሲያዝ እንኳ «ስለ ስልኩ ትንፍሽ እንዳትሉ፤ ከጎናችሁ የሚንበረከከውን ማን ያውቀዋል» አለን።

ቤቱ አልተሸጠም። ዘመድ ተረባርቦ የጠየቁት ተከፈለና እህቴ ከስታ፣ ጠቁራ መጣች። ስትረጋጋ አባቴ ስለ ቤቱ ጠየቃት።

«ለእነሱ አልነገርኩም። ደሃ ነን ብዬ ነው ድርቅ ያልኩት» አለች። «የነገርኩት ለአንዲት ሴት ነው። አብራኝ ታግታ ነበር። ሌሊቱ አልነጋ ሲለን የሆድ የሆዳችንን እናወራ ነበር።»

«በይ እሷ ናት» አለ አባቴ። «አብራሽ የታገተች አስመስለው ነው ያስቀመጡልሽ።»

እኔም አባቴን አመንኩት።

ከወራት በኋላ እኔና እህቴ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ታክሲ ስንጠብቅ አንዲት ጎልማሳ ሴት መጥታ እህቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ያቺ አብራት የታገተችው ሴት ነበረች። ሴትዮዋ እንባዋን እየጠረገች «አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አገኘሁሽ። ቤቴ ቅርብ ነው፣ ሳትገቢ አትሄጂም» አለች።

በእህቴ ጆሮ «አንሄድም» አልኳት። እህቴ ግን መንገድ ጀመረች። የዞርንበትን ቅያስ ሁሉ በልቤ እየያዝኩ ተከተልኳቸው።

ቤት ውስጥ የሴትዮዋ ባል ተቀምጠው ነበር። እህቴ ማን እንደሆነች ሲነገራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ተቀመጡም አላሉን።

«አንቺ ነሽ?» አሉ። «እኔና ወንድሜ በርስት መኳረፋችንን ጎረቤት እንኳ አያውቅም። የደወለልኝ ሰውዬ ግን ‹ከወንድምህ ታረቅና እሱ ያግዝህ› አለኝ። ባለቤቴ ይህን የነገረችው ላንቺ ብቻ ነው።»

ሴትዮዋ አቀረቀረች። ለካ በዚያ ቤትም እህቴ የአጋቾቹ ሰላይ ነበረች።

እህቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «አባቴም ስለ እርስዎ ባለቤት እንደዚሁ ነው የሚለው» አለቻቸው። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «እትዬ፣ ስናወራ አጠገባችን ማን ነበር?»

«ማንም። በር ላይ ያ ዲዳው ብቻ።»

ዲዳ የተባለው ከአጋቾቹ አንዱ ነው፤ አይሰማም፣ አይናገርም ብለው ጠባቂ አድርገው አስቀምጠውባቸው ነበር። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«ወላሂ» አለች ሴትዮዋ፣ «አንድ ቀን የልጄን ጉድ ሳጫውትሽ ፊቱን አዙሮ ሲስቅ አይቼዋለሁ። በራሱ ሐሳብ የሳቀ መስሎኝ ነው።»

ባልየው ተነስተው ለእኔ ወንበር ሳቡልኝ። ምሳ በልተን ስንወጣ እስከ መናኸሪያው ሸኙን።

ያ ሰው እስከ ዛሬ አልተያዘም፤ በእውነት ዲዳ ይሁን አይሁን የሚያረጋግጥልንም የለም። እህቴና ሴትዮዋ ይደዋወላሉ። አባቴ ነገሩን ብንነግረውም ልቡ አልረጋም። እህቴ ከኮምቦልቻ ሲደወልላት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንሳል።