ጳጉሜን የማያውቀው ኮድ

ቡራዩ፣ ከብረታ ብረት ሱቅ በላይ ባለችው ቢሯችን ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ወንበር ሳላገኝ ጥያቄ ቀደመኝ። «አንቺ የማን ወገን ነሽ?» አለኝ ከፍተኛ ፕሮግራመሩ ጌቱ። ፖለቲካ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ገና አልወሰንኩም» አልኩ ጫማዬን እያየሁ።

የጠየቀኝ ስለ ፕሮግራም ቋንቋ ነበር። ጌቱ የስታቲክ ሰው ነው፤ በእሱ ቋንቋ እያንዳንዱ መረጃ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ ወይም ቀን አስቀድሞ ይነገራል፤ ያልተስማማውን፣ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር፣ ፕሮግራሙ ገና ሥራ ሳይጀምር ይመልሰዋል። ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ለሚ ደግሞ ዳይናሚክ ነው፤ የመረጃው ዓይነት የሚለየው ፕሮግራሙ እየሠራ ነው።

«መታወቂያ ያላሳየ አይገባም» ይላል ጌቱ።

«ቤት ነው፣ ኬላ አይደለም» ይላል ለሚ።

ምሳ ላይም ይኸው ነው። ሽሮው ይቀዘቅዛል።

የመጀመሪያ ሥራዬ ሱሉልታ ላለ የወተት መሰብሰቢያ የሚሆን ፕሮግራም ነበር። መጀመሪያ ለሚ ጻፈው። ወተት ተረካቢው ኦቦ ቶሎሳ ቀን በሚሞላበት ቦታ «ትናንት» ብለው ጻፉ፤ ፕሮግራሙም እሺ ብሎ ተቀበለ። የወሩ ሪፖርት ሲወጣ ግማሹ ወተት የመጣው ትናንት ሆኖ ተገኘ። ጌቱ በደስታ ምሳ ጋበዘን።

ከዚያ በራሱ ቋንቋ እንደገና ጻፈው። መትከሉና መከታተሉ ለእኔ ተሰጠ። «የሙከራ ጊዜሽ የሚለካው በዚህ ነው» አለችኝ ሥራ አስኪያጃችን። «ኦቦ ቶሎሳ ካማረሩ አብረን አንቀጥልም።»

ጳጉሜን አንድ ጠዋት፣ ቢሮ ገብቼ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ። ማሽናችሁ ዛሬ የለም ይላል።»

«ምን የለም ይላል ኦቦ?»

«ዛሬ። ቀኑ የለም ይላል። እኔ አለሁ፣ ወተቱም አለ። የጫንጮ ገበሬዎች ደግሞ ደረሰኝ ካልያዙ አያወርዱም። ሊበላሽ ነው።»

ሁሉም እንዲሰሙ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈትኩት። ጌቱ ኮዱን አየ። «ወር» ብሎ ያስመዘገበው አሥራ ሁለቱን ብቻ ነው፤ ለካ የገለበጠው ከድሮ የደመወዝ ፕሮግራሙ ነው።

«ጳጉሜን ደሞዝ የለማ» አለ በቀስታ።

«ላሞቹ እኮ ደሞዝተኛ አይደሉም» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

ለሚ ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ። «የእኔ ቢሆን ኖሮ...»

«የአንተ ቢሆን ዛሬም ትናንት ነበር» አለ ጌቱ። ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሣ።

ሰው አቋርጬ አላውቅም። «ወተቱ ይበላሻል» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። የጌቱን ወንበር ስቤ ኮዱ ላይ ጳጉሜን ጨመርኩ። ኮምፓይለሩ ወዲያው ስህተት ይደረድር ጀመር፤ እሱ ወር የሚነካውን መስመር ሁሉ እየጠቆመኝ እኔ አስተካከልኩ።

«ይቺን ጥቅሙን እንኳ አልክድም» አለ ለሚ ከኋላዬ።

አዲሱን በኢንተርኔት ላክሁ።

«ዛሬ መጥቷል» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። ከኋላቸው ጀሪካን ሲወርድ ሰማሁ።

ቋሚ ሆንኩ። ጌቱና ለሚ አሁንም ይከራከራሉ፣ ሽሮው ይቀዘቅዛል። ኮምፓይለር የሚጠብቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ስለዚህ ኮድ ከመጻፌ በፊት፣ የሚሠራበት ሰው በየትኞቹ ቀናት ሥራ እንደሚገባ እጠይቃለሁ።